ለሁሉም «እሺ» የሚል ምስክር፦ በፓይተን ሞክ ምንም ሳይፈትሹ ያለፉ ቴስቶች

የዚህ ጉዳይ መነሻ አንድ መስመር ኮድ ነው። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ 3.4 ቨርዥን ያ መስመር ምንም ሳይሠራ ያልፋል። በ3.5 ኤረር ያወጣል። በ3.6 ደግሞ የተጻፈበትን ሥራ በትክክል ይሠራል። በመስመሩ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ አልተቀየረችም። የተቀየረው ሞክን፣ ማለትም በቴስት ጊዜ እውነተኛውን የሚተካ አስመሳይን፣ የሚያመርተው ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ነው።

መስመሩ የሚጠራው «አሰርት ኮልድ ዋንስ» የሚባል ሜተድ ነው፤ ሜተድ በአንድ ኦብጀክት ላይ የሚጠራ ፈንክሽን ነው። በአማርኛ «ይህ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ መጠራቱን አረጋግጥልኝ» እንደማለት ነው። ብዙ ሰው ለዓመታት ጽፎታል። ቴስቱም፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸው ኮድ፣ አረንጓዴ ሆኖ አልፏል። ነገር ግን ከጀርባው ማንም ምንም አላረጋገጠም ነበር፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ እንዲህ የሚባል ሜተድ በላይብረሪው ውስጥ አልነበረም።

የሌለ ሜተድ ተጠርቶ እንዴት ዝም ይባላል? ሞክ እንዴት እንደሚመረት ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላውቅም። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር።

አስመሳዩ ለምን አስፈለገ

አንድ የኦንላይን ሱቅ አለን እንበል። ደንበኛው ሲከፍል ደረሰኝ በኤስኤምኤስ የሚልክ ፈንክሽን ጻፋችሁ። ቴስት ባደረጋችሁ ቁጥር እውነተኛ ኤስኤምኤስ መላክ አትፈልጉም። ገንዘብ ያስወጣል። ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ቴስቱ ይወድቃል። የሰው ስልክም ይረብሻል። ስለዚህ በእውነተኛው ላኪ ቦታ አስመሳይ ታስቀምጣላችሁ። ሞክ ኦብጀክት የሚባለው እሱ ነው።

ሞኩ ምንም አይልክም። ግን ይመዘግባል። ስንት ጊዜ እንደተጠራና ምን እንደተሰጠው ሁሉ ይይዛል። ሥራው ሲያልቅ ቴስቱ መዝገቡን ይጠይቃል፦ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠርተሃል? ደንበኛው ያው ደረሰኝ ሁለት ጊዜ እንዳይደርሰው፣ ወይም ጭራሽ እንዳይቀርበት የሚጠብቀው ይህ ጥያቄ ነው። ሞክ ምስክር ነው ብንል አልተሳሳትንም። ቴስቱ ደግሞ ጠያቂው ነው።

ሐሳቡ በአደባባይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ቲም ማኪነን፣ ስቲቭ ፍሪማንና ፊሊፕ ክሬግ የተባሉ ለንደን ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች በሰርዲኒያ ደሴት፣ በካልያሪ ከተማ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ስለ ሞክ ጽሑፍ አቀረቡ። መጀመሪያ ላይ ሞክ በእጅ ይጻፍ ነበር። ለእያንዳንዱ እውነተኛ ክላስ (ኦብጀክት የሚፈጠርበት ንድፍ) አንድ አስመሳይ ክላስ መጻፍ ነው። አድካሚ ሥራ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሞኩን ራሱን የሚያመርቱ ላይብረሪዎች መጡ። በጃቫ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ታሞ ፍሪዝ የጻፈው ኢዚሞክ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ኢዚሞክ መጀመሪያ ላይ ሞክ የሚሠራላችሁ ኢንተርፌስ፣ ማለትም የሜተዶች ዝርዝር፣ ስትሰጡት ነበር። ኢንተርፌሱ ልኩ ነው። ልብስ ሰፊ ልክ ሳይወስድ እንደማይቆርጥ ሁሉ፣ ኢዚሞክም ያለ ልክ አይሠራም። በኢንተርፌሱ ላይ የሌለ ሜተድ ብትጠሩ ኮዱ ገና ኮምፓይል ሲደረግ ይወድቃል። ቴስቱ ጋ እንኳ አይደርስም።

በፓይተን ልኩ ቀረ

ማይክል ፉርድ ለፓይተን የጻፈው «ሞክ» የተባለ ላይብረሪ ሌላ መንገድ ያዘ። መንገዱ ተወዳጅ ነበር። በ2012 ፔፕ 417 በተባለው ሰነድ አማካይነት ወደ ቋንቋው መደበኛ ላይብረሪ እንዲገባ ተወሰነ። ሴፕቴምበር 29 ቀን 2012 ከወጣው ፓይተን 3.3 ጀምሮ «ዩኒትቴስት ሞክ» በሚል ስም ከቋንቋው ጋር ይመጣል። ለቆዩ ቨርዥኖች ደግሞ ለብቻው የሚጫነው ፓኬጅ ቀጠለ።

የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሞክ ለመሥራት ምንም መስጠት አያስፈልግም። ኢንተርፌስ የለም፣ ክላስ የለም። ባዶ ሞክ ፍጠሩና የፈለጋችሁትን ስም ጥሩበት። «ላክ» በሉት፣ ይመልሳል። «ሰርዝ» በሉት፣ ይመልሳል። ትርጉም የሌለው ስም ብትጠሩትም ይመልሳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፓይተን በአንድ ኦብጀክት ላይ የተጠየቀውን አትሪቢዩት (ከኦብጀክቱ ስም ቀጥሎ በነጥብ የሚጠራ ስም) ሲያጣ፣ ወደ ኤረር ከመሄዱ በፊት ጌትአትር የሚባለውን ልዩ ሜተድ ይጠራል። አብዛኛው ክላስ ይህን ሜተድ አይጽፈውም። ሞክ ግን ጽፎታል። ውስጡም «የተጠየቀው ስም ከሌለ አዲስ ልጅ ሞክ ፍጠርና ስጥ» ይላል። ልጁም እንደ እናቱ ነው፤ ይጠራል፣ ይመዘግባል፣ ሌላ ልጅ ይወልዳል። ስለዚህ በሞክ ላይ «የለም» የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። በድርብ የታች ሰረዝ የሚጀምሩና የሚያልቁ የቋንቋው ልዩ ስሞች ብቻ ለየት ይላሉ።

«እሺ ይበልጣል ከሺ» እንላለን። ለሰው ልጅ ኑሮ እውነት ነው። ምስክር ሲሆን ግን ለተጠየቀው ሁሉ እሺ የሚል ሰው አይጠቅምም።

ስሙ እንዴት ሰውን አታለለ

በዚያ ዘመን ላይብረሪው አራት ዋና ማረጋገጫዎች ነበሩት። ከእነሱ አንዱ «አሰርት ኮልድ ዋንስ ዊዝ» ይባላል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በእነዚህ ዕቃዎች (ሲጠራ በቅንፍ ውስጥ በሚሰጡት ዋጋዎች) ተጠርቷል ወይ ብሎ ይፈትሻል። መጨረሻው ላይ ያለችው «ዊዝ» ናት የሚሰጡትን ዕቃዎች የምታመለክተው።

አሁን አንድ ዴቨሎፐር አስቡ። የሚሰጠው ዕቃ ግድ አይሰጠውም። አንድ ጊዜ ብቻ መጠራቱን ማወቅ ይፈልጋል። ምን ይጽፋል? «ዊዝ»ን ይተዋታል። «አሰርት ኮልድ ዋንስ» ብሎ ይጽፋል። ይህ የስንፍና ስህተት አይደለም። ማንም ጤነኛ ሰው የሚገምተው ስም ነው። ስሙ በጣም ትክክል ከመሆኑ የተነሳ የኮድ ገምጋሚውም አይቶ ያልፈዋል።

ሞኩ ግን ይህን ስም አያውቀውም። ማረጋገጫ መሆኑን አይረዳም። «በእውነተኛው ኦብጀክት ላይ ያለ አንድ ሜተድ ሊሆን ይችላል» ብሎ አዲስ ልጅ ሞክ ይወልዳል። ልጁ ይጠራል። መጠራቱም ይመዘገባል። ኤረር የለም። ቴስቱ አለፈ።

ከዚህ የባሰው «አሰርት ኖት ኮልድ» ነው። ይህም እስከ 3.5 ድረስ አልነበረም። ወደ ሱቃችን ስንመለስ፣ ክፍያው ካልተሳካ ደረሰኝ መላክ የለበትም። ይህን የሚጠብቅ ቴስት ጻፋችሁ። መጨረሻ ላይ «አሰርት ኖት ኮልድ» አላችሁ። ኮዱ ተበላሽቶ ላልከፈለ ሰው ሁሉ ደረሰኝ ቢልክም ቴስቱ ያልፋል። እንዲህ ዓይነት ቴስት ጭራሽ ከሌለው ቴስት የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ። ቴስት የሌለው ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃል። አረንጓዴውን ያየ ሰው ግን ልቡን ጥሎ ይተኛል።

ሌላም መልክ አለው። አንዳንዱ የፓይተንን መደበኛ የአሰርት ቃል ፊት ላይ ያስቀምጥና ቀጥሎ «ሞክ ነጥብ ኮልድ ዋንስ» ይላል። «ኮልድ» ብቻ ቢሆን ኖሮ እውነተኛ አትሪቢዩት ነው፤ መጠራቱን በእውነትና በሐሰት ይመልሳል። «ኮልድ ዋንስ» ግን የለም። ስለዚህ ልጅ ሞክ ይወለዳል። ሞክ ደግሞ በፓይተን ዓይን እንደ «እውነት» ይቆጠራል። ማረጋገጫው ሁልጊዜ ያልፋል ማለት ነው።

ጁላይ 2015

ማስተካከያው በመስመር ብዛት ሲታይ ኢምንት ነው። በጌትአትር ውስጥ ጥቂት መስመር ተጨመረ፦ የተጠየቀው ስም በ«አሰርት» የሚጀምር ከሆነና ላይብረሪው የማያውቀው ከሆነ ልጅ አትውለድ፣ ኤረር አውጣ። ይህ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2015 በወጣው ፓይተን 3.5 ገባ።

ብዙ ሰው ግን ነገሩን የቀመሰው ከዚያ በፊት ነው። ለብቻው የሚጫነው የሞክ ፓኬጅ 1.1 ቨርዥን በጁላይ 2015 ወጣ። ከ2012 ወዲህ ብዙም ያልተነካ ፓኬጅ ነበር። አዲሱ ቨርዥን ከፓይተን 3.5 የመጣውን ጥበቃ ይዞ መጣ። በዚያ ሰሞን ትናንት አረንጓዴ የነበሩ ቴስቶች በየቦታው ወደቁ።

ኦፕንስታክ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2010 በናሳና በራክስፔስ የተጀመረ፣ በፓይተን የተጻፈ ትልቅ የክላውድ ሶፍትዌር ነው። በውስጡ ብዙ ፕሮጀክቶች አሉ፤ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድረው ኖቫ አንዱ ነው። እያንዳንዱ ለውጥ ቴስት አልፎ ነው የሚገባው። ሞክ 1.1 ሲወጣ የዩኒት ቴስቶቹ ወደቁ። በዚያው ወር የሌሉ ማረጋገጫዎችን በእውነተኞቹ የሚተኩ ለውጦች ተከታትለው ገቡ። እነዚህ ጀማሪዎች አይደሉም። ኮድ ሳይገመገም የማይገባበት ፕሮጀክት ነው። ወጥመዱ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር ከዚህ ይታያል።

እንዲህ ዓይነቱን ጥገና ስትሠሩ ሁለት ነገር ይገጥማችኋል። የሌለውን ማረጋገጫ በእውነተኛው ስትተኩ ቴስቱ ካለፈ እፎይ ትላላችሁ፤ ኮዱ ለካ ትክክል ነበር። ሲወድቅ ግን ጥያቄው ይከብዳል። የተሳሳተው ኮዱ ነው ወይስ ቴስቱ? ቴስቱ ተፈትኖ ስለማያውቅ የጻፈው ሰው ራሱ የጠበቀው ነገር ስህተት ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በኋላ ያንን መለየት ቀላል አይደለም።

በዲሴምበር 2016 የወጣው 3.6 ደግሞ «አሰርት ኮልድ ዋንስ»ን እውነተኛ ሜተድ አደረገው። ሰው ሁሉ አለ ብሎ የሚገምተውን ስም በመጨረሻ እንዲኖር አደረጉ። እኔ ትክክለኛ ውሳኔ ነው እላለሁ። አስቀድሞ ቢሆን ኖሮ ብዙ ድካም ይቀር ነበር።

የአንዲት የትየባ ስህተት ሙግት

በ3.5 ማስተካከያ ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር አለ። የሚከለከሉት ቃላት ሁለት ነበሩ። አንዱ «አሰርት» ነው። ሌላው «አስሬት» ነው፤ የእንግሊዝኛዎቹ አር እና ኢ ፊደላት ቦታ ሲቀያየሩ የሚፈጠረው የትየባ ስህተት።

ይህ ነገር ሙግት አስነሳ። ተቃዋሚዎቹ «የአንድ ቋንቋ መደበኛ ላይብረሪ እንዴት የትየባ ስህተት ይለቅማል? ዛሬ አንዱን ከያዝን ነገስ?» አሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ «ስህተቱ ይከሰታል፤ ሲከሰት ድምፅ የለውም፤ መያዣው አንድ ቃል ነው» አሉ። ነገሩ በዚያው ቀጠለ። ኦክቶበር 2021 በወጣው 3.10 ሌሎች ሦስት የተሳሳቱ አጻጻፎች ታከሉ። በ2023 በወጣው 3.12 ደግሞ «አሰርት» የቀረባቸው እንደ «ኮልድ ዋንስ» ያሉ ስሞችም ኤረር እንዲያወጡ ተደረገ።

ከሁለቱም ወገን እውነት አለ። እኔ የምቆመው ከደጋፊዎቹ ጋር ነው። «ሰው ፊደል ይጠንቀቅ» የሚለው ክርክር አያሳምነኝም። ቴስት የሚጻፈው ሰው ስለሚሳሳት ነው። የሰውን ስህተት ለመያዝ የተሠራ ዕቃ የሰውን ስህተት ዝም ብሎ መዋጥ የለበትም።

ዋጋም ተከፍሎበታል። አንዳንድ እውነተኛ ክላስ በ«አሰርት» የሚጀምር የራሱ ሜተድ አለው። እሱን በባዶ ሞክ ሲያስመስሉ ያለ ጥፋታቸው ኤረር ያገኛሉ። ለእነሱ ሲባል «አንሴፍ» የሚል አማራጭ ተቀመጠ፤ ጥበቃውን ያጠፋዋል።

ሙግቱ ሁሉ የሚዞረው ግን በአንድ የአሠራር ምርጫ ላይ ነው። በሞክ ላይ ሁለት ዓይነት ስሞች ተቀላቅለዋል። አንዱ የሚመሰለው ኦብጀክት ስሞች ናቸው፤ «ላክ»፣ «ሰርዝ» የሚሉት። ሌላው የጠያቂው ስሞች ናቸው፤ «ተጠርተሃል ወይ» የሚሉት። ሁለቱም በአንድ ነጥብ ይጠራሉ። ስለዚህ ላይብረሪው ሰውየው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መለየት አይችልም። ጥያቄው ከምስክሩ ውጭ፣ በተለየ ፈንክሽን ቢቀመጥ ኖሮ የሌለ ፈንክሽን ሲጠራ ፓይተን ራሱ ይጮህ ነበር። ነገር ግን በዓለም ዙሪያ የተጻፈ ቴስት ሁሉ በአሮጌው መንገድ ስለተጻፈ ወደ ኋላ መመለስ አልተቻለም።

ልክ መውሰድ

እውነተኛው መድኃኒት ከመጀመሪያውም በላይብረሪው ውስጥ ነበር። «ስፔክ» ይባላል። ሞኩን ስትፈጥሩ እውነተኛውን ክላስ ታሳዩታላችሁ። ከዚያ በኋላ በክላሱ ላይ የሌለ፣ ከላይብረሪው ማረጋገጫዎችም ያልሆነ ስም ከተጠራ ኤረር ነው። የተሳሳተ ማረጋገጫም በዚሁ ይያዛል። የቃላት ዝርዝር አያስፈልግም። «አውቶስፔክ» ደግሞ አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ ሜተዱ ስንት ዕቃ እንደሚቀበል ጭምር ይፈትሻል። ሁለት የሚፈልገውን በሦስት ብትጠሩት እውነተኛው እንደሚያደርገው ይወድቃል።

ይህ ከትየባ የበለጠ ጥቅም አለው። የሱቁ የኤስኤምኤስ ላኪ «ላክ» የሚለውን ሜተድ ዛሬ «መልእክት ላክ» ብሎ ቢቀይረው፣ የእናንተ ኮድ ግን አሁንም «ላክ» ቢል፣ ባዶው ሞክ በደስታ ይመልሳል። ቴስቱ ያልፋል። ኮዱ ደንበኛ ፊት ሲደርስ ይሰበራል። ልኩ ከእውነተኛው የተወሰደ ሞክ ግን ስሙ በተቀየረ ዕለት ይወድቃል።

ታዲያ አውቶስፔክ ለምን ነባሪ አልሆነም? ልኩን ለመውሰድ እውነተኛውን ኦብጀክት መነካካት አለበት። አትሪቢዩቶቹን አንድ በአንድ ያያል። በፓይተን አትሪቢዩት ማየት ብቻውን ኮድ ሊያስኬድ ይችላል፤ ዳታቤዝ ሊከፍት፣ ኔትወርክ ሊነካ ይችላል። ሌላው ችግር ብዙ ክላስ አትሪቢዩቱን የሚፈጥረው ኦብጀክቱ ሲወለድ፣ በኢኒት ውስጥ መሆኑ ነው። ክላሱን ብቻ የሚያይ ልክ ወሳጅ እነዚያን አያያቸውም። ትክክለኛ አትሪቢዩት ስትጠሩ «የለም» ይላችኋል። ብዙ ሰው ይህ ሲገጥመው ተናዶ ወደ ባዶ ሞክ ይመለሳል። ያስቆጫል፤ መፍትሔው የቀረውን አትሪቢዩት በክላሱ ላይ ነባሪ ዋጋ መስጠት ነው፤ አንድ መስመር።

እዚህም የስም ስህተት ተከተለ። አንዳንዱ «አውቶስፔክ» ለማለት ፊደል ጨምሮ ወይም በታች ሰረዝ ከፍሎ ይጽፈው ነበር። እውነተኛውን ለጊዜው በሞክ የሚተካው «ፓች» የተባለው መሣሪያ የማያውቀውን ቃል ለሞኩ አሳልፎ ይሰጣል። ሞኩም እንደ ተራ አትሪቢዩት ይቀበለዋል። ሰውየው ልክ ወስጃለሁ ብሎ ያምናል፣ ግን አልወሰደም። ይህም በ3.10 ኤረር እንዲሆን ተደረገ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሁሉ ያለ ምንም አዲስ መሣሪያ ሊያዝ ይችል ነበር። ቴስት ከጻፋችሁ በኋላ ኤስኤምኤስ የሚልከውን መስመር ለጊዜው አጥፉትና ቴስቱን አስኪዱ። መውደቅ አለበት። ካልወደቀ ቴስቱ አይሠራም። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ ቀይ ሳያዩ አረንጓዴውን ያላመኑ ሰዎች በ3.4 ዘመንም ይህ ወጥመድ አልያዛቸውም።

ዛሬም ቢሆን የስሞቹ ዝርዝር የሚይዘው የሚያውቀውን ብቻ ነው። አዲስ ፓይተን ከፍታችሁ በባዶ ሞክ ላይ «ዋዝ ኮልድ ዋንስ» ብላችሁ ጥሩ። በ«አሰርት» አይጀምርም፤ ከተከለከሉት መካከልም የለም። ልጅ ሞክ ይወለዳል፣ ይጠራል፣ ቴስቱም ያልፋል። ሞኩን እውነተኛውን ክላስ አሳይታችሁ ስትፈጥሩትና ያንኑ መስመር ስትደግሙት ግን ኤረሩ በዚያው ቅጽበት ይወጣል።